ከደረጃው ሥር ቢሮ የከፈቱት የእታለም የሕይወት ታሪክ

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው እህታችን በ1950 ዓ.ም. ከሬዲዮ ጠጋኙ አባታቸውና ከስልክ ቤት ኦፕሬተሯ እናታቸው ተወለዱ። የመዝገብ ስም ነበራቸው፤ ግን ይህን ታሪክ የሚጽፈው ታናሽ ወንድማቸው አፉን ሲፈታ «እታለም» ብሎ ጠራቸው፣ ቤቱ ተቀበለው፣ ከቤቱ ሰፈሩ፣ ከሰፈሩ ትምህርት ቤቱ ወረሰውና እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚሁ ስም ኖሩ። በዚሁ ስም እንሸኛቸዋለን።

ቤተሰቡ የሚኖረው ከአባታቸው ሱቅ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ ሆዳቸው የተዘረገፈ ሬዲዮኖች በመደርደሪያው ላይ ይደረደራሉ፤ ቀኑን ሙሉ የሚቀልጥ እርሳስ ይሸታል። እታለም እግር ካወጡ ጀምሮ አባታቸው ጠረጴዛ ሥር ነበር ውሏቸው። የትኛው ሬዲዮ ተጠግኖ እንዳለቀ፣ የትኛው ገና እንደሚያቃስት ከድምፁ ለይተው ይናገሩ ነበር ይባላል። ይህ ሁሉ ዓይናቸው እያየ ነው።

በሰባት ዓመታቸው ኩፍኝ ያዛቸው። ትኩሳቱ ሲለቃቸው ብርሃናቸውም አብሮ ሄደ። ሊጠይቅ የሚመጣው ሰው ከንፈር ይመጥና ምክር ጥሎ ይሄዳል። አንዷ ጎረቤት በተለይ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «እቤት አስቀምጧት፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትግባ፤ ልጅቷም አትጨነቅ፣ እናንተም አትጨነቁ» አለች። አባታቸው በእጃቸው የያዙትን መበየጃ አስቀምጠው፣ «ይሄን ሁሉ ሬዲዮ ታያለሽ? የዓለምን ወሬ ጠዋት ማታ የሚያወራልሽ ምን ዓይን ኖሮት ነው?» ብለው መለሱላት። ሴትየዋ ከዚያ ወዲያ ሬዲዮዋን ሌላ ዘንድ ነበር የምታሠራው።

እታለም በዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ብሬል ተማሩ፤ የጽሕፈት መኪናም እዚያው ለመዱ። ቤታቸው የሚመጡት ለክረምት ብቻ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ግን ከሚያዩ ልጆች ጋር በመደበኛ ትምህርት ቤት ነው የተማሩት፤ ቁጣቸውም በደንብ የተዋወቀን ያኔ ነው። የሒሳብ መምህሩ ጀርባቸውን ለክፍሉ ሰጥተው በጠመኔ እየጻፉ፣ «ይህ ከዚህ ጋር ሲደመር ይህን ይሰጠናል» ይላሉ። እታለም እጃቸውን አወጡ።

«መምህር፣ ‹ይህ› ስንት ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ መምህሩ አስወጧቸው። በማግስቱ ተመልሰው ገቡና መምህሩ «ይህ» ባሉ ቁጥር እጃቸውን አወጡ። እንደገና ተባረሩ፣ እንደገና ተመለሱ። እናታቸው ተጠርተው ሲመጡ የነገሩ መነሻ ተነገራቸው። እድሜ ልካቸውን ሰውን በድምፅ ብቻ ሲያገናኙ የኖሩ ሴት ነበሩና፣ መምህሩን ቀና ብለው አይተው፣ «ታዲያ ቁጥሩን ቢጠሩት ምን ይጎድልብዎታል?» አሏቸው። መምህሩ ከዚያ ቀን ወዲህ ቁጥሩን እየጠሩ መጻፍ ጀመሩ። ልብ በሉ፤ ይህን ለማግኘት አንዲት ልጅ ስንት ጊዜ ከክፍል መባረር ነበረባት።

በ1970 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሕግ ማጥናት እንደሚፈልጉ ለክፍሉ ኃላፊ አስታወቁ። ኃላፊው ሰው የማይጎዱ፣ ለስላሳ አንደበት ያላቸው ሰው ነበሩ። «ልጄ፣ ሕግ ንባብ ነው። የሚያነብ ሰው ይፈልጋል» አሏቸው። እታለም፣ «የሚያነብልኝ ሰው ይዤ እመጣለሁ፤ የሚያስብልኝ ሰው ግን አያስፈልገኝም» ብለው መለሱ። ይህ መልስ በተማሪዎች ዘንድ ለዓመታት ሲነገር ኖሯል። የተነገረው ግን ሳቅ ስላለው ነው፤ እታለም ሲናገሩት አልሳቁም ነበር።

የሚያነብላቸውም ሰው ተገኘ። የአንድ ዓመት ሲኒየራቸው የሆነ፣ ምላሱ የሚያዝ ወጣት ነበር። ሰላምታ ለመስጠት የሚቸገር፣ በዚህም ምክንያት ከሰው የሚሸሽ ልጅ፣ መጽሐፍ ፊቱ ላይ ሲዘረጋ ግን ቃል ሳያሰናክለው እንደ ወራጅ ውኃ ያነባል። የሕጉን መጻሕፍት በሙሉ በካሴት ቀዳላቸው። እታለም ካሴቶቹን እየሰሙ ከተማሩት ሕግ ይልቅ ድምፁን ቀድመው ሳይሸመድዱት አልቀሩም። እታለም በሕግ ከተመረቁ በኋላ፣ በ1976 ዓ.ም. ተጋቡ። ባለቤታቸው በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሲቀጠሩ፣ እታለምም በዚያው ግቢ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን እንዲደግፍ በተቋቋመው ክፍል ሥራ ጀመሩ። አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ።

ክፍሉ የተሰጠው ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሕንፃው ሊፍት የለውም። የአካል ጉዳተኞች ቢሮ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ይህን የወሰነው ሰው ማን እንደሆነ እታለም ብዙ ጠይቀው ነበር፤ ያወቀ አልተገኘም። አንድ ቀን አንዲት በዊልቸር የምትሄድ ተማሪ ከታች ሆና ስማቸውን ስትጣራ ሰሟት። ወርደው አነጋገሯት። በማግስቱ ጠረጴዛቸውን፣ ወንበራቸውንና የብሬል መጻፊያቸውን በጥበቃዎች አስወርደው ከደረጃው ሥር ተቀመጡ። የሕንፃው አስተዳዳሪ መጣ።

«ወይዘሮ፣ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው። መተላለፊያ ነው።»

«ላይኛው አላስተላልፍ ስላለን ነው የወረድነው።»

«ሰው ይደናቀፍብዎታል እኮ።»

«ዓይን ያለው ሰው ጠረጴዛ ካደናቀፈው መጥቶ ይመዝገብ፤ እናግዘዋለን።»

አንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን እዚያ ሠሩ። በሩ በተከፈተ ቁጥር አቧራው ይገባል፣ በዝናብ ጊዜ ጎርፉ እግራቸው ሥር ይደርሳል፣ የሚወጣው የሚወርደው ሰው በጫማው ራሳቸው ላይ ይራመዳል። በመጨረሻም የተሰባበሩ ወንበሮች የሚከመሩበት መጋዘን ተጠርጎ ተሰጣቸው። መሬት ላይ ነው፣ በሩም ሰፊ ነው፤ እታለም ከዚያ በላይ አልጠየቁም። እስከ ጡረታቸው ያቺ መጋዘን ቢሮአቸው ነበረች። መስኮት አልነበራትም። «ለእኔ ነው ለናንተ?» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ቀልዳቸውን ካነሳን አይቀር፣ ዓይንን የሚጠራ አነጋገር ይወዱ ነበር። አንድ ሰው ተማሪ ሲበድል ከሰሙ «ዓይኔ እያየማ ይሄ አይሆንም» ይላሉ፤ ሰሚው ደንግጦ ሲያፍር ደግሞ ድንጋጤውን ከትንፋሹ ያውቁና ፈገግ ይላሉ። እኛም ለምደነዋል። እንግዳ ግን ይቸገር ነበር፣ እሳቸውም እንዲቸገር ነበር የሚፈልጉት።

በ1995 ዓ.ም. ኮምፒዩተርን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ገባ። እታለም በአርባ አምስት ዓመታቸው ከወጣቶች ጋር ተቀምጠው ተማሩት። ድምፁን እጅግ አፍጥነው ስለሚያዳምጡት፣ አጠገባቸው ለተቀመጠ ሰው ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ንብ ይመስላል። «አሁንማ ሰው ሲያወራኝ ይዘገይብኛል» ይሉ ነበር። እንደዚያን ጊዜ ደስ ብሏቸው አይተናቸው አናውቅም። ሰው ሳይለምኑ ጋዜጣ አነበቡ። ደብዳቤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ሰው ሳያየው ከፍተው አነበቡ።

ደስታቸው ግን ብዙ አልቆየም። መምህራን ለተማሪዎች የሚሰጡት ጽሑፍ ገጹ ፎቶ የተነሳ ነበርና፣ ፕሮግራሙ «ምስል» ብሎ ዝም ይላል። የአራት መቶ ገጽ መጽሐፍ «ምስል» ብሎ ዝም። እታለም በየቢሮው እየዞሩ መምህራንን ለመኑ፤ ጽሑፉን በጽሑፍነቱ ስጡን፣ ቪዲዮ ስታሳዩ መስማት ለተሳናቸው የሚነገረውን ከግርጌው ጻፉላቸው፣ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ተማሪ ሰዓት ጨምሩለት። የሚተባበሩ ነበሩ፤ ዛሬም እዚህ መካከላችን ተቀምጠዋል፤ እናመሰግናቸዋለን። የሚበዙት ግን «ጥሩ ሐሳብ ነው» ብለው ይሸኟቸው ነበር። «ጥሩ ሐሳብ ነው» ሲባሉ ደማቸው የሚፈላ ሰው ነበሩ፤ ስድብ ቢሆን ይሻላቸው ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ምዝገባውን፣ ትምህርቱንና ፈተናውን ሁሉ በኮምፒዩተር የሚያካሂድ አዲስ ሲስተም አስገባ። ከመግዛቱ በፊት በነበረው ስብሰባ ላይ እታለም የማያዩ ተማሪዎች ሊጠቀሙበት ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። የቴክኖሎጂ ዳይሬክተሩ፣ «እሱ በሁለተኛው ምዕራፍ ይካተታል» ብለው መለሱ።

«አንደኛው ምዕራፍ ላይ ያሉት ልጆች እስከዚያ ዓይናቸው ይበራላቸዋል?» አሉ እታለም።

ሰው ሳቀ። ዳይሬክተሩም ሳቁ። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው «ጥያቄ ቀርቦ መልስ ተሰጥቶበታል» የሚል ነበር።

የመጀመሪያው ፈተና ደረሰ። ከእታለም ተማሪዎች መካከል፣ ነገርን ሁሉ ማመዛዘን ስለሚወድ ጓደኞቹ «ዳኛው» የሚሉት የመጨረሻ ዓመት የሕግ ተማሪ ነበር፤ ዓይነ ስውር ነው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠ። ስሙንና የምስጢር ቁጥሩን አስገባ። ሲስተሙ ፈተናውን ከመክፈቱ በፊት አንድ ነገር ጠየቀው፦ ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ፣ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ይምረጡ። በማዳመጫው የሚሰማው «ምስል፣ ምስል፣ ምስል» ነው። ገምቶ ነካ፤ ተሳሳተ። እንደገና ገምቶ ነካ፤ ተሳሳተ። እጁን አውጥቶ ፈታኙን ጠራ።

«የትኛው ላይ እንደሆነ ብቻ ንገረኝ፤ ጥያቄውን አይደለም፣ ሥዕሉን» አለው።

«አልችልም ወንድሜ። ኩረጃ ይሆንብኛል» አለ ፈታኙ።

ዳኛው ያን የፈተና ሰዓት ሙሉ ሰው መሆኑን ለማረጋገጥ ሲሞክር ጨረሰው። ሰዓቱ ሲያልቅ ሲስተሙ ራሱን ዘጋ፤ ከስሙ ትይዩም «አልተፈተነም» ብሎ መዘገበ። በሚቀጥሉት ፈተናዎችም ያው ሆነ። በዚያው ወሰነ ትምህርት ማለቂያ ከዩኒቨርሲቲው ተሰናበተ። እሱ ብቻ አልነበረም። እጇ የሚንቀጠቀጥ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ መልሱን እያወቀችው፣ ሲስተሙ የሰጣት ጊዜ እጇ መልሱን ሳይነካ እያለቀ ወደቀች። በእናትና አባቷ ቤት ሰባት ወንድምና እህት ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የገባች የመጀመሪያዋ ልጅ ናት።

እታለም ነጩን ዘንጋቸውን ይዘው ዲኑ ቢሮ ገቡ። ዲኑ ከልባቸው ያዘኑ መሰሉ።

«እኛ አይደለንም እኮ ያባረርነው፤ ሲስተሙ ነው» አሏቸው።

«ሲስተሙ ደመወዝ ይበላል?»

«እንዴት ማለትዎ ነው?»

«የሚቀጡት፣ የሚጠየቅ፣ ደመወዝ የሚበላ ሰው ከሆነ ስሙን ይንገሩኝና እሱን ላናግረው። ካልሆነ ግን ልጁን ያባረረው ይሄን ዕቃ ገዝቶ ያመጣ ሰው ነው።»

ጉዳዩን ወደ ሴኔቱ ወሰዱት። ኮምፒዩተራቸውን ተሸክመው ገብተው፣ የስክሪኑን ብርሃን ጨርሰው አጠፉና ወደ ዳይሬክተሩ አስጠጉት። «ይግቡ። በራስዎ ስም ይግቡ» አሏቸው። ዳይሬክተሩ ስክሪኑን አይተው፣ «ወይዘሮ፣ ይሄ ቴአትር ነው። ጊዜያችንን አይግደሉብን» አሉ። ሰብሳቢውም ነገሩን የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋም አሉ። ኮሚቴው ተቋቋመ። አንድ ጊዜ ተሰብስቦ ሰብሳቢና ጸሐፊ መረጠ፤ ከዚያ በኋላ ተሰብስቦ አያውቅም። እታለም ሰብሳቢ የተባሉትን ሰው በአንድ ኮሪደር ድምፃቸውን ሰምተው ቢጠይቋቸው፣ ሰውየው ሰብሳቢ መሆናቸውን ረስተውት ነበር።

ያን ጊዜ ነው መክሰስ የወሰኑት። ሁለቱን ተማሪዎችና እንደነሱ የተባረረ ሌላ አንድ ተማሪ ወክለው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገሉትን መሥሪያ ቤት ፍርድ ቤት ገተሩት። የዩኒቨርሲቲው ምላሽ ፈጣን ነበር፤ በሌላ ነገር እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም። እታለም ከሥራ ታገዱ። የመጋዘኗ ቁልፍ ተቀየረ። ሰላም የሚሏቸው ሰዎች ኮሪደር ላይ ሲያገኟቸው ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ማለፍ ጀመሩ፤ አታየንም ብለው። «ሽቷቸውን እንኳ አይቀይሩም እኮ» ብለው ለወንድማቸው ነገሩት። ሲነግሩት ሳቁ። ባለቤታቸውም ከዋናው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ወዳለ የድሮ ጋዜጣ ክፍል ተዛወሩ። እታለም ያን ቀን ማታ፣ «ልተወው እንዴ? ለእኔ ሲሉ አንተን ጎዱህ» አሏቸው። ባለቤታቸው ምላሳቸው እየተያዘ፣ «ተ… ተከራከሪ። መጽሐፍ የ… የትም አለ» አሏቸው። ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል ቤተሰቡ ውስጥ ተነግሮ አያውቅም።

ክርክሩ ዓመት አልፎት ዘለቀ። የዩኒቨርሲቲው ጠበቃ ሲስተሙ ለሁሉም ተማሪ እኩል መሆኑን፣ ማንንም ለይቶ እንደማይበድል አስረዱ። እታለም ዳኛዋን አስፈቅደው «ዳኛው» የሚባለው ተማሪ እዚያው ችሎት ፊት እንዲሞክር አደረጉ። የኮምፒዩተሩ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ተለቀቀ። «ምስል። ምስል። ምስል። ተሳስተዋል። እንደገና ይሞክሩ። ምስል። ምስል።» ጠበቃው ሰዓታቸውን ያያሉ። ከኋላ የተቀመጡት የልጁ እናት መጀመሪያ አልገባቸውም ነበር፤ ሲገባቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ልጁ ላቡ እየወረደ መነካካቱን ቀጠለ፤ ዳኛዋ ራሳቸው «ይበቃል» እስኪሉ ድረስ አላቆመም። እታለም ተነስተው፣ «ክብርት ዳኛ፣ እርስዎ ይበቃል አሉት። እዚያ ግን ይበቃል የሚለው ሰው አልነበረም» ብለው ተቀመጡ።

በ2010 ዓ.ም. ተፈረደላቸው። ተማሪዎቹ ተመልሰው እንዲፈተኑ፣ ሲስተሙ እንዲስተካከል፣ እታለምም ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ታዘዘ። ወደ ሥራቸው ተመለሱና በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ። ሽኝት አልተደረገላቸውም። ተማሪው «ዳኛው» ተፈተነ፣ ተመረቀ፣ ዛሬ የሕግ አማካሪ ነው፤ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱም እሱ ነው።

እጇ የሚንቀጠቀጠው ልጅ ግን አልተመለሰችም። እታለም ደጋግመው ደወሉላት፤ እናቷን አነጋገሩ፣ አባቷን ለመኑ። በመጨረሻ ስልኩን ልጅቷ ራሷ አነሳችው።

«ተፈርዶልሻል እኮ፣ ልጄ። መብትሽ ነው» አሏት።

«አውቃለሁ፣ እታለም። ግን ደከመኝ» አለች።

ስልኩን ዘጉ። ከዚያ፣ «ፍርድ ቤቱ ሁሉን ሰጠኝ፤ ይቺን ልጅ ግን አልመለሰልኝም» አሉ። ስለ ፍርዱ የደስታ ቃል የሚሰጡ ሰዎች ሲመጡ እታለም ፊታቸውን የሚያጠቁሩት ለምን እንደሆነ ለማያውቁ፣ ምክንያቱ ይህ ነበር።

ሲስተሙ የተስተካከለው ፍርዱ ከተሰጠ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሪባን ተቆረጠ። እታለም አልተጠሩም። ወሬውን የሰሙት በሬዲዮ ነበር፤ ያን ጊዜ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆኑት የቀድሞው ዳይሬክተር፣ ዩኒቨርሲቲው «በራሱ ተነሳሽነት» አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን ያካተተ ቴክኖሎጂ ማበልጸጉን ሲያስረዱ። ፕሮግራሙ የአድማጭ ስልክ ይቀበል ነበር። እታለም ደወሉ፤ መስመሩ ገባላቸው። «በራሱ ተነሳሽነት ሳይሆን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው፤ የከሰስኩትም እኔ…» እንዳሉ መስመሩ ተቋረጠ። ጋዜጠኛው የቴክኒክ ችግር አጋጥሞናል ብሎ ዘፈን አስገባ።

በ2015 ዓ.ም. ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። እንደ ልማዳቸው ብቻቸውን ዘንጋቸውን ይዘው ሆስፒታል ሄዱ፤ የተራ ቁጥር ተሰጣቸው፤ ተቀመጡ። ቁጥሩ የሚወጣው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ስክሪን ነው፤ ስክሪኑ ድምፅ የለውም። ከጎናቸው የተቀመጠው ሰው ይነሳል፣ ሌላ ይቀመጣል፣ እሱም ይነሳል። ጠዋት የገቡት እታለም፣ ወገባቸው ሲዝልባቸው ጥበቃውን ጠርተው ስንተኛ ቁጥር ላይ እንደደረሰ ጠየቁት።

«የርስዎማ አልፏል፣ እናቴ። ለምን አላዩትም?» አላቸው።

ጥበቃው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቀና ብሎ ሲያያቸው ደነገጠና ይቅርታ ጠየቃቸው። ግን ሐኪሙ ወጥተው ነበር። ነገ ይምጡ ተባሉ። ዕድሜ ልካቸውን ለሌላው ሲታገሉለት የኖሩት ነገር፣ ሕመም ይዟቸው በተቀመጡበት ወንበር ላይ እሳቸውኑ አገኛቸው።

በሽታው የቆሽት ካንሰር ነበር። በሐቀኝነት መጻፍ ስላለብን፣ ሐኪሙ ያን ቀን ቢታዩም ባይታዩም ለውጥ እንደማይኖረው ነግረውናል። ይህን ስንጽፍ ግን ቁጣችን በዚህ አይበርድም። ያ ስክሪን እስከ ዛሬ ድምፅ የለውም። እታለም አቤት አሉ፣ ልጃቸው አቤት አለች፣ እኛም አቤት አልን። ሆስፒታሉ «ጥሩ ሐሳብ ነው» አለን።

በመጨረሻዎቹ ወራት ቤታቸው በተማሪዎቻቸው ተሞልቶ ነበር። ባለቤታቸው አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነቡላቸዋል፤ እታለም ሕመሙ ሲበረታ ጥርሳቸውን ነክሰው ያዳምጣሉ፤ ሲቀልላቸው ከጋዜጣው ጋር ይከራከራሉ። አንድ ቀን ወንድማቸው «አሁን እንኳ አይበቃሽም? ዕረፊ እንጂ» ቢላቸው፣ «ማረፌ አይቀርም፤ ምን አስቸኮለህ» አሉት። ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም. በስልሳ ስድስት ዓመታቸው፣ እጃቸው በልጃቸው እጅ እንዳለ፣ ንጋት ላይ ዐረፉ።

ዩኒቨርሲቲው የአበባ ጉንጉን ልኳል፤ ሪባኑ ላይ «ባለውለታችን» የሚል ተጽፎበታል። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉም በዚህ ሥነ ሥርዓት ላይ ንግግር ለማድረግ ጠይቆን ነበር። ልጃቸው በስልክ የሰጠችው መልስ የቤተሰቡ ሁሉ መልስ ነው፦ «እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ መጥታችሁ ተቀመጡ፤ አንከለክላችሁም። እናቴ በሕይወት እያለች መስመሩ ተቋርጦባታል፤ ዛሬ የምትናገሩት የላችሁም።» አበባው ከበሩ ውጭ ነው ያለው። ማንም አልጣለውም፤ ማንም ግን አላስገባውም።

ይህ ጽሑፍ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ብቻ የታተመ አይደለም። በብሬል ተዘጋጅቷል፤ ከፊት ለፊታችሁ የቆሙት ሁለት አስተርጓሚዎችም አሁን በምልክት ቋንቋ እየተረጎሙት ነው። ያዘጋጁት የእታለም ተማሪዎች ናቸው፤ የወሰደባቸው አንድ ሌሊት ነው። ይህን የምንጠቅሰው ለማመስገን ብቻ አይደለም። «ጊዜ ይወስዳል፣ አቅም ይጠይቃል፣ በሁለተኛው ምዕራፍ ይካተታል» ሲሉን የኖሩ ሰዎች እዚህ ስላሉ እንዲሰሙት ነው።

እታለም ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ ወንድማቸውንና ከመጋዘኗ ቢሮ ያለፉ ተማሪዎቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። ባለቤታቸው ጥቂት ቃል ይናገሩ ዘንድ ጠይቀናቸው ነበር፤ በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ያዳምጣሉ፤ ስትሰናበቷቸው እጃቸውን ያዟቸው እንጂ አታናግሯቸው፤ መልስ ለመስጠት ይቸገራሉ።

እግዚአብሔር ሆይ፣ የእህታችንን ነፍስ በምሕረትህ ተቀበላት፤ እንደኛ ተራሽ አልፏል፣ ነገ ተመለሺ አትበላት። ለባለቤቷና ለልጇ ብርታቱን ስጥ። እሷን አሳርፋት፤ ቁጣዋን ግን ለእኛ ተውልን፣ ገና ሥራ አለበት።